ከዛንዚባር ወደ ሲሼልስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በስንት ሰዓትስ ይደረሳል? በደሴቶች መካከል ርቀትንና የጉዞ ጊዜን የማስላት ዝርዝር መመሪያ

ከዛንዚባር እስከ ሲሼልሷ ማሄ ደሴት በአየር 1,812 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ላይ ሁለቱን ስሞች ብታስገቡ ይሄው ቁጥር ወይም ለዚህ የቀረበ ይመጣላችኋል። ከሥሩም «የበረራ ጊዜ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ» የሚል ይጨመርበታል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ይሄን ብቻ አይቶ ሆቴል የያዘ ሰው ጉድ ይሆናል። ድረ ገጹ ሁለት ነጥቦችን በመስመር አገናኘ እንጂ በዚያ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን ስለመኖሩ ምንም አላለም።

የደሴት ጉዞ ከየብስ ጉዞ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በረራ ቢጠፋ መኪና አለ። ከደሴት ወደ ደሴት ግን አውሮፕላን ከሌለ የሚቀረው ባሕር ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ መመለስ አለባችሁ። ርቀቱ ስንት ነው? አየር ላይ የምቆየው ስንት ሰዓት ነው? ከሆቴል በር እስከ ሆቴል በርስ ስንት ይፈጃል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መልስ ለሦስተኛው ጥያቄ ይጠቀምበታል።

እዚህ ዛንዚባርንና ማሄን ይዘን ሦስቱንም እንሠራለን። የመረጥኳቸው ለጫጉላ ሽርሽር ከሚታሰቡ ቦታዎች ግንባር ቀደም ስለሆኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሁለቱም ይበራል። ዘዴው ግን ለየትኛውም ሁለት ደሴት ይሆናል።

1. የትኛው ኤርፖርት እንደሆነ አረጋግጡ

ደሴት ማለት አንድ ኤርፖርት ማለት አይደለም፤ ስምም ያሳስታል። ሲሼልስ ብቻዋን ከመቶ በላይ ደሴቶች አሏት። «ሲሼልስ» የሚል ትኬት የሚያወርዳችሁ ማሄ ላይ ነው። ሆቴላችሁ ግን ፕራስሊን ወይም ላ ዲግ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የባሰው ፔምባ ነው። ከዛንዚባር ዋና ደሴት በስተሰሜን ያለችው የታንዛኒያ ደሴት ፔምባ ትባላለች። ሰሜን ሞዛምቢክ ውስጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ከተማም ፔምባ ይባላል። ሁለቱም ኤርፖርት አላቸው። የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «ፔምባ» ብላችሁ የመጀመሪያውን ከነካችሁ ሌላ አገር ልትገቡ ትችላላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በስም አትፈልጉ፤ በሦስት ፊደል ኮዱ ፈልጉ። ዛንዚባር ዜድ-ኤን-ዜድ፣ ማሄ ኤስ-ኢ-ዜድ፣ ፕራስሊን ፒ-አር-አይ፣ የታንዛኒያዋ ፔምባ ፒ-ኤም-ኤ ናቸው። የሞዛምቢኩ ፔምባ ፒ-ኦ-ኤል ነው። ኮዱን ትኬታችሁ ላይም ሻንጣችሁ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይም ታገኙታላችሁ። ሻንጣው ሲለጠፍ አንዴ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት።

2. ርቀቱን ለኩ

ቀላሉ መንገድ ስልካችሁ ላይ ያለው ጉግል ማፕ ነው። የመጀመሪያው ኤርፖርት ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቀይ ምልክት ይወጣል። ከታች የሚመጣውን ዝርዝር ወደ ላይ ስባችሁ ርቀት መለኪያውን፣ «ሜዠር ዲስታንስ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ ካርታውን እየጎተታችሁ መሃል ላይ ያለውን ምልክት ሁለተኛው ኤርፖርት ላይ አሳርፉት። ኪሎ ሜትሩ ታች ይጻፋል። ምልክቱን ደሴቱ መሃል ላይ ሳይሆን ማኮብኮቢያው ላይ ማሳረፍ ጥሩ ነው። በረጅም ርቀት ብዙ ለውጥ የለውም። በአጭር ርቀት ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ስሌቱን ያዛባል።

በእጅ ማስላትም ይቻላል፤ አንዴ ብትሞክሩት ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ይገባችኋል። የሚያስፈልገው የሁለቱ ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ጉግል ማፕ ቀይ ምልክቱን ስትነኩት ይሰጣችኋል።

ዛንዚባር፦ 6.22 ደቡብ፣ 39.22 ምሥራቅ።
ማሄ፦ 4.67 ደቡብ፣ 55.52 ምሥራቅ።

ሁለቱም ከምድር ወገብ በታች ስለሆኑ ኬክሮሱን እንቀንሳለን። 6.22 ሲቀነስ 4.67፣ 1.55 ይሆናል። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ111 ስናባዛው 172 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ይሄ የሰሜን-ደቡብ ልዩነቱ ነው።

ቀጥሎ ኬንትሮሱ። 55.52 ሲቀነስ 39.22፣ 16.30 ነው። በ111 ሲባዛ 1,809 ይሆናል። ግን የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ማስተካከያ ይፈልጋል። የሁለቱን ኬክሮስ አማካይ ወስዳችሁ (5.45 ገደማ) ኮሳይኑን ታባዙበታላችሁ። 0.9955 ነው። 1,801 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የስልካችሁ ካልኩሌተር ወደ ጎን ሲዞር ኮሳይን ያወጣል፤ በዲግሪ መሆኑን ብቻ እዩ።

አሁን የትምህርት ቤቱ ፓይታጎረስ ነው። የ1,801 ካሬና የ172 ካሬ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣ 1,809 ኪሎ ሜትር። የምድርን ክብነት በደንብ ከሚያስገባው ስሌት የሚለየው በ3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለጎረቤት ደሴቶች፣ በተለይ ለምድር ወገብ ለቀረቡት፣ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ከአይስላንድ ሃዋይ ለመለካት ግን አትጠቀሙበት። እዚያ የምድር ክብነት መንገዱን በጣም ስለሚያጥፈው ስህተቱ ብዙ ይሆናል።

አንድ ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ኤርፖርት ከምድር ወገብ በላይ፣ ሌላው በታች ከሆነ ኬክሮሱ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። ለምሳሌ ቦሌ 8.98 ሰሜን ነው። ከዛንዚባር ጋር ያለው ልዩነት 8.98 ሲደመር 6.22፣ ማለትም 15.20 ዲግሪ ነው። ይሄን ቁጥር አሁኑኑ እንፈልገዋለን።

3. በዚያ መስመር አውሮፕላን አለ ወይ?

የበረራ መፈለጊያ ክፈቱና ከዜድ-ኤን-ዜድ ወደ ኤስ-ኢ-ዜድ ፈልጉ። አንድ ቀን ብቻ አትዩ። የደሴት በረራዎች በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ ሙሉውን ሳምንት እዩ። ማጣሪያው ላይ ያለማረፊያ የሚለውን ምረጡ። ምንም ካልወጣ መልሱ ያው ነው፤ ትራንዚት አለ።

ለእኛ የሚቀርበው ትራንዚት አዲስ አበባ ነው። ከዛንዚባር ወደ ሰሜን 1,690 ኪሎ ሜትር ያህል ትመጣላችሁ (ቅድም ያየነው 15.20 ዲግሪ በ111 ሲባዛ ማለት ነው)። ከቦሌ ወደ ማሄ ደግሞ 2,396 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። ድምሩ 4,086 ነው። ከቀጥታው መስመር ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለሚኖሩ የምመክረው አለኝ። ሁለቱንም ደሴት በአንድ ጉዞ ማየት ከፈለጋችሁ፣ መሃል ላይ ወደ ቤታችሁ መመለሳችሁ አይቀርም። እንግዲያው ኤርፖርት ውስጥ ከመንቀላፋት አንድ ሌሊት ቤት አድራችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ ብትሄዱስ? ትኬቱ ከተወሰነ ሰዓት በላይ መቆየትን ይፈቅድ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዋጋው ሊቀየር ይችላል።

ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር፣ «ቀጥታ በረራ» የተባለ ሁሉ ሳያርፍ ይሄዳል ማለት አይደለም። ወደ ዛንዚባር የሚሄድ በረራ ኪሊማንጃሮ ላይ ሰው አውርዶ ሊቀጥል ይችላል። የበረራ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ እንደ አንድ በረራ ይቆጠራል። እናንተ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይጨመርባችኋል። ትኬቱ ላይ የማረፊያ ብዛት የሚለውን ዝርዝር ከፍታችሁ እዩ።

4. አየር ላይ ስንት ሰዓት?

ለትልልቅ ጄቶች የምጠቀምበት ስሌት ይሄ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ800 አካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

እንደ ቦይንግ 737 ያለ አውሮፕላን ከፍታውን ሲይዝ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ግን ሲነሳና ሲያርፍ ቀስ ይላል፤ መሬት ላይም ይንደረደራል። ግማሽ ሰዓቱ ለዚያ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚነሳበት ሌላው መቆሚያ ላይ እስከሚቆምበት ስለሆነ፣ ይሄ ስሌት ከትኬቱ ጋር ብዙ አይራራቅም።

ከዛንዚባር ማሄ ቀጥታ ቢኖር፦ 1,812 ለ800 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ፣ ሲደመር ግማሽ ሰዓት፣ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ። ድረ ገጹ የሰጠን ቁጥር ከዚህ መጣ።
ከዛንዚባር አዲስ አበባ፦ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ።
ከአዲስ አበባ ማሄ፦ 3 ሰዓት ተኩል።

አየር ላይ ብቻ 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው።

ለትንንሽ አውሮፕላኖች ግን ይሄ ስሌት አይሠራም። ፍጥነታቸው ሌላ ነው። ኤ-ቲ-አር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሴስና ካራቫን 300 ገደማ፣ ትዊን ኦተር 270 ገደማ ይበራሉ። ከትንንሽ ኤርፖርት ስለሚነሱም መንደርደሩ አጭር ነው። ለካራቫንና ለትዊን ኦተር በራሳቸው ፍጥነት አካፍላችሁ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ከዛንዚባር ፔምባ 125 ኪሎ ሜትር ነው። በካራቫን 25 ደቂቃ፣ ሲደመር 5፣ ግማሽ ሰዓት። የርቀቱ ሌላኛ ጫፍ ስኮትላንድ ኦርክኒ ውስጥ ነው። ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ ደሴት 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መደበኛ በረራ አለው፤ የተመደበለትም 2 ደቂቃ ነው። ነፋስ ሲያግዝ በ53 ሰከንድ የተጠናቀቀበት ጊዜ አለ። በጄት ስሌት ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት ትሉ ነበር።

ነፋስ ካነሳን፣ ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለማረፊያ የሚመጣው በረራ ወደዚያ ሲሄድ መሃል ላይ ለነዳጅ ያርፋል። አንዱ ምክንያት ከፊት የሚመጣው ነፋስ ነው። ሌላው ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሳት ይከብዳል። በምድር ወገብ አካባቢ ግን ከፍታው ላይ ያለው ነፋስ ብዙ ጊዜ ቀላል ስለሆነ፣ የሄዳችሁበትና የምትመለሱበት ሰዓት ብዙም አይለያይም።

5. የትኬቱን ሰዓት በትክክል አንብቡ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። ብዙ ሰው የሚደናገረው በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በሰዓቱ ነው።

ትኬት ላይ የመነሻ ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻ ሰዓት በመድረሻው አገር ሰዓት ይጻፋል። ዛንዚባርና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ሲሼልስ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 10:00 ላይ የተነሳ አውሮፕላን 3 ሰዓት ተኩል በርሮ ማሄ ሲያርፍ፣ ትኬቱ ላይ 14:30 ይላል። ብትቀንሱት 4 ሰዓት ተኩል ይመስላል። ሲመለስ 15:00 ላይ ቢነሳ አዲስ አበባ 17:30 ይገባል። አሁን ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ይመስላል። በረራው ሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ሦስቱም አገሮች ሰዓታቸውን በበጋና በክረምት ስለማይቀያይሩ፣ ይሄ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ታስተካክላላችሁ። 10:00 ጠዋት 4 ሰዓት ነው። 14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። አደጋው ያለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማክሰኞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ገብቷል። ለእኛ ግን ያ ሰዓት ገና የሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ካመለጣችሁ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ጊዜ የሚነሳ በረራ ካላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻውን በበረራው ሰዓት ሳይሆን ከቤት በምትወጡበት ቀንና ሰዓት አስገቡ።

ዛንዚባር ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ሹፌሩ «ሳ ንኔ» ቢላችሁ፣ ጠዋት ከሆነ በእኛም 4 ሰዓት ነው፤ በትኬቱ 10:00። ግን ያው ሹፌር ቱሪስት ሲያይ በእንግሊዝኛ ሰዓት ሊነግራችሁ ይችላል። የኤርፖርት መኪና ስትቀጥሩ ሰዓቱን እንደ ትኬቱ በቁጥር ጽፋችሁ ስልኩ ላይ ላኩለት።

6. ከበር እስከ በር ደምሩ

አሁን እውነተኛውን ጉዞ እንቁጠር። ሆቴላችሁ ኑንግዊ ነው እንበል፤ የዛንዚባር ሰሜን ጫፍ። ኤርፖርቱ ያለው «ስቶን ታውን» ከሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ አጠገብ ስለሆነ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከሆቴል ኤርፖርት፦ 1 ሰዓት ተኩል
ከበረራ በፊት ኤርፖርት መገኘት፦ 3 ሰዓት
ወደ አዲስ አበባ በረራ፦ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ
ትራንዚት፦ 4 ሰዓት (ለምሳሌ ያህል ነው፤ ከዚህ ብዙ ሊበልጥ ይችላል)
ወደ ማሄ በረራ፦ 3 ሰዓት ተኩል
ኢሚግሬሽንና ሻንጣ፦ 1 ሰዓት
ታክሲ እስከ ቦ ቫሎን የባሕር ዳርቻ፦ ግማሽ ሰዓት

ድምሩ 16 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ሲሼልስ አንድ ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆቴል ብትወጡ እዚያ ሌሊት 5 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይሆናል። ድረ ገጹ 2 ሰዓት ከ45 ያለው ጉዞ አንድ ሙሉ ቀን በላ። ለዚህ ነው የመጨረሻውን የዛንዚባር ቀንና የመጀመሪያውን የሲሼልስ ቀን አንድ ላይ አድርጋችሁ ምንም ፕሮግራም እንዳትይዙ የምመክረው።

ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ግዙ። የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ በሚቀጥለው ያሳፍራችኋል። ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ይለጠፋል። ለየብቻ ከገዛችሁ መዘግየቱ የእናንተ ዕዳ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢረክስም በዚህ መስመር አያዋጣም።

ወረቀትም ሰዓት ይበላል። ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም፤ ግን ከመብረራችሁ በፊት ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ መሙላት ግዴታ ነው። ያለሱ አያሳፍሯችሁም። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ዛንዚባር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ሁሉንም ቤት ሆናችሁ ጨርሱ፤ ካውንተር ላይ ዋይፋይ ፍለጋ መሯሯጥ ይቅርባችሁ።

7. የመጨረሻዋ አጭር በረራ፦ ከማሄ ፕራስሊን

ብዙዎቹ የሲሼልስ ፎቶዎች የሚነሱት ፕራስሊንና ላ ዲግ ላይ ስለሆነ ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ከማሄ ፕራስሊን 44 ኪሎ ሜትር ነው። ኤር ሲሼልስ በትዊን ኦተር ያደርሳል። 19 ያህል ሰው የምትይዝ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ናት። ስሌቱን እንሞክረው፦ 44 ለ270 ሲካፈል 10 ደቂቃ፣ ሲደመር 5፣ 15 ደቂቃ። የተመደበላትም ይሄው ነው።

አማራጩ ፈጣን ጀልባ ነው። ባሕሩ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 15 ደቂቃን ከአንድ ሰዓት ጋር ብቻ አታወዳድሩ። የአገር ውስጥ ተርሚናሉ ከዓለም አቀፉ አጠገብ ስለሆነ ሻንጣችሁን እየገፋችሁ በእግር ትሻገራላችሁ። ጀልባው የሚነሳው ግን ከቪክቶሪያ ወደብ ነው። ታክሲ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ያህል ትሄዳላችሁ፤ ከመነሻውም ቀደም ብላችሁ መድረስ አለባችሁ። በጀልባ ጠቅላላው ሁለት ሰዓት አካባቢ ይመጣል። በአውሮፕላን መጠበቁን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ጀልባው በዋጋ ይረክሳል።

ወሩንም እዩ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። መኪና ላይ እንኳ የሚያስመልሰው ሰው ካለ በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ ላይ ገንዘብ ማውጣት ይሻላል። በትንሿ አውሮፕላን የሚፈቀደው የሻንጣ ኪሎ ከትልቁ ያንሳል። ከአዲስ አበባ ስትነሱ የተፈቀደላችሁን ሙሉ ኪሎ ሞልታችሁ ከሆነ ትርፉን ማሄ ላይ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሻንጣውን በትንሹ አውሮፕላን ልክ አዘጋጁ።

ማሄ የምታርፉበትን ሰዓት እንዳወቃችሁም የዚያን ቀን የመጨረሻዋ ጀልባና የመጨረሻው የፕራስሊን በረራ መቼ እንደሚነሱ ፈልጉ። በማረፊያችሁና በእነሱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከሌለ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ማሄ ላይ ያዙ፤ ፕራስሊን በማግስቱ ጠዋት ትሄዳላችሁ።